ጥፋትን በልኩ መውቀስ፦ ከቅሬታ እስከ ክስ ቃሉን የመምረጫ መመሪያ

የቡና ወቅት ሲገባ ጅማና ዙሪያዋ ላይ ጠብ ይበዛል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ገንዘቡም፣ ሚዛኑም፣ ጆንያውም፣ መኪናውም በአንድ ጊዜ ስለሚንቀሳቀስ የሚበላሽ ነገር አይጠፋም፤ ነገር በተበላሸበት ደግሞ ጥፋቱን የሚሸከም ሰው ይፈለጋል። እኔ እንደማየው ጠቡን የሚያከረው ከጥፋቱ ይልቅ ጥፋቱ የተነገረበት ቃል ነው። በወቀሳ የሚያልቅ ነገር ክስ ሆኖ ይቀርባል። ክስ የሚገባው ነገር ደግሞ ሐሜት ሆኖ ይቀራል፤ ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ይወራና አጥፊው ጆሮ ሳይደርስ ያልቃል።

ከታች ያለው ቅደም ተከተል ሰውን መውቀስ ግድ ለሆነበት ሁሉ ነው፦ ለነጋዴ፣ ለሥራ ኃላፊ፣ ለወላጅ፣ ለጎረቤት። ዋናው ምሳሌዬ ሻጋታ የመታው የቡና ጭነት ነው።

1. ከሰውየው በፊት ነገሩን ተመልከቱ

እንበልና ከማና ወረዳ የመጣ 20 ኩንታል ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ጅማ ከተማ መጋዘን ገባ። ከሳምንት በኋላ ሲታይ አምስት ጆንያ ይሸታል። የመጋዘኑ ባለቤት አፍ ላይ ቀድሞ የሚመጣ ስም አለ፤ የገበሬው ወይም የሾፌሩ፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ አምና የተጣላው ሰው ስም። ያን ስም ዋጥ አድርጋችሁ መጀመሪያ ጆንያውን ዳስሱ።

ሻጋታው ከሥር ብቻ ከሆነ ጆንያው ባዶ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጦ እርጥበት ስቧል፤ ከሥሩ የእንጨት ርብራብ አልተደረገለትም ማለት ነው። ከላይና ከአንድ ጎን ከሆነ መንገድ ላይ ዝናብ አግኝቶታል፤ የመኪናው ሸራ ይታይ። እስከ መሐሉ ድረስ እኩል ከሆነ ቡናው ከመጀመሪያውም አልደረቀም። በደንብ የደረቀ ቡና የእርጥበት መጠኑ ከ11 እስከ 12 በመቶ አካባቢ ነው፤ ከዚህ በጣም ከፍ ብሎ ጆንያ ውስጥ የታሰረ ቡና የትም ቢቀመጥ ይሻግታል። ሽታው የአፈር ሽታ ከሆነ ደግሞ ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ተሰጥቶ መድረቁን ጠርጥሩ። እዚህ ላይ የራሳችሁ ዓይን ካልበቃ የሚያውቅ ሰው ጥሩ፤ መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ለብዙ አሥርት ዓመታት ቡና ላይ የሠራ ነው፣ በየወረዳውም የግብርና ባለሙያ አለ።

አንድ ጆንያ በደንብ በመዳሰስ ብቻ ሁለት ንጹሕ ሰዎችን ከጥርጣሬ ማውጣት ይቻላል። ይህን ሳያደርግ አፉን የሚከፍት ሰው ወቃሽ አይባልም፤ ገማች ነው።

ከዚያ ወረቀት አውጡና አራት ነገር ጻፉ፦ ምን ሆነ፣ መቼ ታየ፣ ዕቃው የት ነበር፣ ማን አብሮ አየ። ስትጨርሱ አንብቡት። «ግዴለሽ ስለሆነ»፣ «ሊጎዳኝ ፈልጎ» የሚል ሐረግ ካገኛችሁ ሰርዙት። እነዚህ የሰውየውን ልብ አንብቤያለሁ የሚሉ ሐረጎች ናቸው፤ እናንተ ያያችሁት ጆንያውን ብቻ ነው።

2. ምክንያትን ከጥፋት ለዩ

ዝናብ ቡና ያበላሻል፤ ዝናብን ግን ማንም አይወቅስም። የነገሩ ምክንያት መሆን አንድ ነገር ነው፣ ጥፋተኛ መሆን ሌላ። ሰውን ከመውቀሳችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ያውቅ ነበር ወይ? ሌላ ማድረግ ይችል ነበር ወይ? ሥራው የእሱ ድርሻ ነበር ወይ?

ሾፌሩ መንገድ ተዘግቶበት ዝናብ ላይ ቢያድርና ሸራው ደህና ከሆነ፣ ቡናው በእሱ እጅ እያለ ረጠበ እንጂ እሱ አላጠፋም። ሸራው መቀደዱን እያወቀ ከጫነ አጥፍቷል። ሸራውን መለወጥ የመኪናው ባለቤት ድርሻ ሆኖ ሾፌሩ ደጋግሞ ነግሮት ከነበረ ደግሞ ወቀሳው ወደ ባለቤቱ ይሄዳል። ሦስቱም ጥያቄ «አዎ» ካልተመለሰ ሰውየው ላይ የምትጭኑት ነገር ከድርሻው በላይ ነው።

ሕጉም የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 57 ከአቅም በላይ በሆነ ኃይል ወይም በድንገተኛ አጋጣሚ የደረሰን ነገር ከወንጀል ተጠያቂነት ውጭ ያደርገዋል፤ ከዚያ ቀጥሎ ሆን ብሎ ማጥፋትን በአንቀጽ 58፣ በቸልተኝነት ማጥፋትን በአንቀጽ 59 ለይቶ ያስቀምጣል። እኛም በቤታችን እነዚህን የምንለይባቸው ቃላት አሉን። ስሕተት ሳያውቁ የሚሠሩት ነው። ቸልተኝነት እያወቁ አለመጠንቀቅ ነው። በደል ሰውን የጎዳ ሥራ ነው፤ ተንኮል ደግሞ ጉዳቱ ራሱ የተፈለገበት። ስሕተቱን ተንኮል ያላችሁበት ሰው በኋላ ካሳ ብትከፍሉትም አይረሳውም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

3. ቃሉን በክብደቱ ምረጡ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እሄድበታለሁ።

በጣም ቀላሉ ቅሬታ ነው። «ቅር ብሎኛል» ያለ ሰው የተናገረው ስለ ራሱ ነው፤ አጥፊ ገና አልጠራም። ነገሩ ትንሽ ከሆነ ወይም ማን እንዳጠፋው ካልተረጋገጠ ከዚህ አትለፉ።

ወቀሳ ከዚህ ይከብዳል፤ ለቅርብ ሰው፣ ፊት ለፊት የሚነገር ነው። የማናውቀውን መንገደኛ እንቆጣዋለን እንጂ አንወቅሰውም። የምንወቅሰው የምንጠብቅበት ነገር ያለውን ሰው ነው፤ ወንድምን፣ ደንበኛን፣ የሥራ ባልደረባን። ወቀሳ ውስጥ ሁሌ «ከአንተ ይህን አልጠበቅሁም» የሚል ቃል አለ፤ ስለዚህም አክብሮት አለበት። ለእኔ ከሁሉም ቃል የሚበልጠው ይህ ነው፤ ነገም አብረነው ልንሠራ ለምንፈልገው ሰው የሚስማማውም እሱ ነው።

ተግሣጽ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። አባት ልጁን፣ መምህር ተማሪውን፣ አለቃ ሠራተኛውን ይገሥጻል። ታናሽ ታላቁን ልገሥጽ ካለ ጥፋቱ ወደ እሱ ይዞራል፤ እውነት ቢይዝም የሚሰማው አያገኝም።

ነቀፋ ሥራን፣ ዕቅድን፣ ውሳኔን የሚመለከት ሲሆን በአደባባይም ሊነገር ይችላል። «የማድረቂያው አልጋ አሠራር ደካማ ነው» ነቀፋ ነው። «አንተ ራስህ ደካማ ነህ» ሲባል ወደ ዘለፋ ተሻግሯል፤ ዘለፋ ምንም አያስተካክልም።

ስሞታ፣ አቤቱታና ክስ የሚለዩት ሦስተኛ ሰው በመሐል ስላለ ነው። ስሞታ ለታላቅ ወይም ለአለቃ በቃል ይቀርባል። አቤቱታ ወደ መሥሪያ ቤት ይሄዳል። ክስ ዳኛና ማስረጃ ይፈልጋል። ወደ ሦስተኛ ሰው የሄደ ነገር ወደ ሁለት ሰው ጉዳይነት መመለስ ይከብደዋል፤ ፊት ለፊት ሳትነግሩት ስሞታ የወሰዳችሁበት ሰው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁም «ለምን ለእኔ አልነገርከኝም?» ብሎ ነው። ጥያቄው ትክክል ነው። በመጨረሻ ኩነኔና ውግዘት አሉ፤ ሰውየውን ጨርሶ ከመሐል የሚያወጡ ፍርዶች ስለሆኑ ለጆንያ ቡና አይወጡም።

ከእነዚህ ሌላ ጠማማ መንገዶች አሉ፤ ሰው ቀጥታ መናገር ሲፈራ ይገባባቸዋል። ሐሜት ጥፋቱን ከአጥፊው በቀር ለሁሉም ይነግራል። ሂርማታ ገበያ ላይ ስለ አንድ ነጋዴ ሚዛን ጠዋት የተወራ ነገር ማታ የት እንደሚደርስ ማንም አይቆጣጠረውም። አሽሙር ሰውየው ፊት ይነገራል፣ ግን «አንተን አላልኩም» የሚባልበት በር ክፍት ይተዋል፤ ተናጋሪውን ያረካል፣ ሰሚውን ያቆስላል፣ ነገሩን አያነሣውም።

ማመካኘት ወይም ማሳበብ ጉዳዩ ሌላ ሆኖ ሳለ ጥፋት ፈልጎ ማውጣት ነው። ዋጋ ስለወረደ ውሉን ማፍረስ የፈለገ ገዢ ድንገት የጆንያው ስፌት ጉድለት ሆኖ ይታየዋል። «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ማላከክ ደግሞ የራስን ጥፋት ሌላው ላይ መጣል ነው፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። እጅግ የተለመደው ግን ሌላ ነው፦ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። ገዢው ጭኖ የላከውን ባለ ጉልበት ነጋዴ ስለሚፈራ ጆንያውን ያወረደው ወዛደር ላይ ይጮሃል። ወዛደሩ መልስ የለውም፤ ቁጣው የወጣው እዚያ መሆኑም በዚሁ ምክንያት ነው። ቁጣችሁ ደካማው ላይ ማረፉን ካያችሁ ቆም በሉና ትክክለኛውን ሰው ፈልጉ።

ቃሉን ለመፈተሽ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ሰውየው ይህን ሰምቶ ነገ ከእኔ ጋር ሊቀመጥ ይችላል? ካልቻለና ጥፋቱም ያን ያህል ካልሆነ ቃሉን አንድ ደረጃ ቀለል አድርጉት።

4. ግሡን ተጠንቀቁ

አማርኛ ወቀሳን ግሥ ውስጥ ይደብቃል። ጀበና ይዘን እንየው። «ጀበናው ተሰበረ» ሲባል ነገሩ ተነገረ፣ አጥፊ የለም። «ጀበናው ተሰበረብኝ» ሲባል የተጎዳ ሰው መጣ፣ አጥፊ ግን አሁንም የለም። «ጀበናዬን ሰበርሽው» ሲባል አጥፊዋ ተጠራች። «ጀበናዬን ሰበርሽብኝ» ሲባል ጥፋቱም ጉዳቱም አንድ ላይ ወደቀባት። «አሰበርሽኝ» ደግሞ በራሴ እጅ የተሰበረውንም ወደ እሷ ይወስደዋል።

ስለዚህ ገና በማጣራት ላይ ከሆናችሁ «ቡናው ተበላሽቶብኛል» በሉ። ሕመማችሁን ይናገራል፣ ማንንም አይጠቁምም፤ ሰሚውም መከላከል ውስጥ ሳይገባ «እንዴት?» ብሎ ይጠይቃል። «አበላሸህብኝ» የሚለውን አንደኛውንና ሁለተኛውን ደረጃ ስትጨርሱ ብቻ አውጡት። ያን ጊዜ ግን አትሸሹት። ያጠፋው ተረጋግጦ እያለ «ተበላሽቷል፣ ምናምን» እያሉ መዞር ሰውየውን ግራ ያጋባል፤ ልቡ የሚያውቀውን ጥፋት የሚያምንበት ዕድልም ይነፍገዋል።

5. ሰውን፣ ቦታንና ሰዓትን ምረጡ

ወቀሳ ለብቻ ነው። ደንበኛ ፊት፣ ልጆቹ ፊት፣ ሠራተኞቹ ፊት የተወቀሰ ሰው ስለ ጥፋቱ አያስብም፤ ስለ ፊቱ ነው የሚያስበው። በስልክም አይሁን፤ ፊቱን ሳታዩ ቃሉ የት እንዳረፈ አታውቁም። በረመዳን ወይም በጾም ቀን ከማፍጠሪያ በፊት፣ ከጁምዓ ወይም ከቅዳሴ ሲወጣ ደጃፍ ላይ፣ ለቅሶ ቤት ውስጥ አታንሡት።

አጠራሩ ከወቀሳው እኩል ይሰማል። ታላቃችሁን «አንተ» ብላችሁ ከጀመራችሁ የቀረው አይደመጥም። «ጋሼ»፣ «እትዬ»፣ «ሀጂ»፣ «ኦቦ»፣ «አዴ» እንደ ሰውየው ይሁን፤ ሁልጊዜ የምትጠሩበትን ስም በወቀሳ ቀን አትቀይሩት። ትናንት «ጋሼ» ያላችሁትን ሰው ዛሬ በ«አቶ» ከጠራችሁት ገና ሳትናገሩ አራቃችሁት።

ቋንቋውም ይታሰብበት። ጅማ ላይ አንዱ ሰው አፉን በአፋን ኦሮሞ ፈትቶ አማርኛውን በገበያ የለመደ፣ ሌላው የዚህ ተቃራኒ ይሆናል። ወቀሳ በሁለተኛ ቋንቋ ሲሰማ ልስላሴው ይቀርና ስለቱ ብቻ ይደርሳል። ከቻላችሁ በእሱ ቋንቋ ተናገሩ፤ ካልቻላችሁ ሁለቱንም አጣርቶ የሚናገር፣ ነገር የማይጨምር ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

6. ተናገሩ

ቅደም ተከተሉ ያየሁት፣ የደረሰብኝ፣ የጠበቅሁት፣ ጥያቄ ይሁን። ለምሳሌ፦

«ጋሼ፣ ማክሰኞ የገባው ጭነት ውስጥ አምስቱ ጆንያ እስከ መሐሉ ሻግቷል፤ ከመጋዘን ጠባቂው ጋር ሆነን ከፍተን አይተነዋል። ቀማሹ አልቀበልም ብሎኛል፣ የአምስቱን ዋጋ ከሰርኩ። እርስዎ ያደረቁት ቡና እንዲህ ሆኖ አያውቅም፣ እኔም በዚያ ተማምኜ ነው ሳልከፍት የወሰድኩት። ምን ሆኖ ነው?»

ከዚያ ዝም በሉ። እውነተኛ ጥያቄ ከጠየቃችሁ መልሱን ጠብቁ። ምናልባት ልጁ ታሞ ሆስፒታል ለሆስፒታል ሲዞር ቡናውን ሌላ ሰው ሰብስቦት ይሆናል። ምናልባት የእናንተው ሰብሳቢ «ቶሎ በል፣ ዋጋ ሊወርድ ነው» ብሎ ሳይደርቅ አስጭኖት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ጥፋቱ ግማሹ ወደ እናንተ ቤት ይመለሳል።

ሦስት ነገሮችን ከአፋችሁ አስወጡ። «ሁልጊዜ» እና «ድሮም» የሚሉትን፤ የአንድ ቀን ጥፋት የዕድሜ ልክ ያደርጋሉ። የአምናውን ጉዳይ፤ ያን ጊዜ ይቅር ካላችሁ አልቋል፣ ካላላችሁ ሌላ ቀን ለብቻው ይነሣ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ብዙ ቁጥርን። «እናንተ የማና ሰዎች»፣ «እናንተ ሾፌሮች»፣ «እናንተ እንትኖች» ስትሉ አንድ ሰው ያጠፋውን በማያውቁት ሺህ ሰዎች ላይ ጫናችሁ። አጥፊው ከመንጋው መሐል ይሰወራል፣ ንጹሑ ይቀየማል፣ በዚህ አገር ደግሞ ከዚህ የከፋ ነገር እንደሚያመጣ ሁላችንም አይተናል። ጥፋት ስም አለው፤ ስሙ የአንድ ሰው ነው።

7. ወቀሳው ወደ እናንተ ሲመጣ

እውነት ከሆነ «አጥፍቻለሁ» በሉ፤ ከኋላው «ግን» አታስከትሉ። «አጥፍቻለሁ፣ ግን አንተም…» ያለ ሰው ማላከክ ጀምሯል። ሌላው ያጠፋው ነገር ካለ የእናንተው ይቅርታ ከተሰማ በኋላ ራሱን ችሎ ይነሣል። ጅማ ላይ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም «አፉ በሉኝ» ሲል ይሰማል፤ የተባለውም «አፉ ብያለሁ» ካለ ነገሩ ተዘጋ። ከይቅርታው ጋር ግን የምታደርጉትን ተናገሩ፦ መቼ ትከፍላላችሁ፣ ምን ትቀይራላችሁ።

ከፊሉ ብቻ እውነት ከሆነ ያንኑ ከፊል ለይታችሁ ውሰዱ፦ «ርብራብ አለማድረጌ የእኔ ነው፤ ሸራው ግን ይጠየቅልኝ።» ጨርሶ ያላደረጋችሁትን ከሆነ በወረቀትና በእማኝ መልሱ። ለሰላም ተብሎ ያላጠፉትን መቀበል ብዙ ሰው እንደ ደግነት ያየዋል፤ እኔ አልስማማም፤ እውነተኛው አጥፊ በዚያው ይቀጥላል።

8. ሳይስማሙ ሲቀሩ

መጀመሪያ ሽማግሌ ነው። እዚህ አገር የኦሮሞው ጃርሱማ ሥር የሰደደ ነው፤ ሁለቱም ወገን የሚያምኗቸው ሰዎች ተቀምጠው ይሰማሉ፣ አጥፊውን ይለያሉ፣ ካሳውን ይቆርጣሉ። ሽማግሌ ስትመርጡ የእናንተን ብቻ አትሰብስቡ። በአንደኛው ደረጃ የጻፋችሁትን ወረቀትና ከተበላሸው ቡና በሁለታችሁም ፊት ታሽጎ የተወሰደ ናሙና ይዛችሁ ቅረቡ።

ወደ ሕግ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ሰዓቱንና ቅደም ተከተሉን እወቁ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1772 መሠረት ውል አልፈጸመም የምትሉትን ሰው መጀመሪያ በማስጠንቀቂያ «ፈጽም» ማለት አለባችሁ። ውል ሳይኖር ጉዳት ለደረሰበት ሰው አንቀጽ 2028 በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ ሰው ይካስ ይላል፤ የዚህ ዓይነቱ ክስ ግን በአንቀጽ 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ለአሠሪዎችም እንዲሁ ነው፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ በማርፈድ ብቻ ያለ ማስጠንቀቂያ እንዲሰናበት የሚፈቅደው፣ አስቀድሞ በጽሑፍ እየተነገረው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ በቂ ምክንያት ሳይኖረው ካረፈደ ነው። ሳይነገረው የተባረረ ሰው ጥፋተኛ ቢሆንም ሊረታችሁ ይችላል።

ክርክሩ እስኪያልቅ የሰውየውን ስም በየቦታው አታንሡ። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 613 ክብሩን ለመንካት አስቦ የሌላውን ሰው ጥፋት ለሦስተኛ ወገን የሚያወራ፣ የተወራው እውነት እንኳ ቢሆን፣ ተበዳዩ ካመለከተ ሊቀጣ ይችላል። ተከሳሽም በሕግ ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት እንዳለው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ላይ አለ።

የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ አጭር ይሁን፦

«በ____ ቀን በ____ ውል መሠረት ያስረከቡኝ 20 ኩንታል ጀንፈል ውስጥ 5 ጆንያ የሻገተ ሆኖ በ____ ቀን በእማኞች ፊት ታይቷል። ይህ ደብዳቤ በደረሰዎ በ____ ቀን ውስጥ በደረቅ ቡና እንዲተኩልኝ ወይም ዋጋውን ____ ብር እንዲመልሱልኝ እጠይቃለሁ።»

ስድብ የለበትም፣ ልመናም የለበትም። መድረሱን የሚያሳይ ፊርማ በቅጂው ላይ ተቀበሉ።

ከታረቃችሁ ስምምነቱን ጻፉ፤ ማን ምን እንዳጠፋ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ማን ስንት በስንት ቀን እንደሚከፍል በሌላ። ፊርማችሁ፣ የሽማግሌዎቹ ፊርማና ቀኑ ይኑርበት፤ ለእያንዳንዳችሁ አንድ ቅጂ ይድረስ። ገንዘቡ ሲከፈል በሁለቱም ቅጂ ላይ «ተከፍሏል» ተብሎ ይፈረም።